ጌሙ ካለቀ በኋላ የሚጀምረው ጌም

የመጨረሻው ቦስ ወድቆ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ካለፈ በኋላ ተጫዋች ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ማሽኑን አጥፍቶ ሌላ ጌም ይፈልጋል፤ ወይ መክፈቻው ገጽ ላይ ምን አዲስ ነገር እንደወጣ ለማየት ይመለሳል። የእጅ ጌም ሠሪዎች ለዚህ ለሁለተኛው ሰው ሲሉ ብዙ ነገር ይደብቃሉ፦ ሌላ ገጸ ባሕርይ፣ የከበደ ደረጃ፣ ቦሶችን በተርታ የሚያጋጥም የሰዓት ውድድር፣ ሥዕሎች፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ የድሮ ጌም። ጥያቄው እነዚህ ሁሉ እኩል ዋጋ አላቸው ወይ ነው። በእኔ እምነት የላቸውም፤ ልዩነቱም ጎልቶ የሚታየው በተከታይ ጌሞች ላይ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል የጨረሰ ሰው ተከታዩን ሲጀምር አዘላለሉንም አመታቱንም ለምዶታል፤ የተደበቀ ነገር እንዳለም ቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ መደበቁ ብቻ አያስደንቀውም። ያገኘው ነገር ራሱ የሚረባ መሆን አለበት።

ለዚህ ዳሰሳ መነሻ ያደረግሁት የኮናሚን የካስልቫኒያ ጌሞች ነው። ከ2001 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ስድስት አዳዲስ ካስልቫኒያዎች ለኔንቴንዶ የእጅ ማሽኖች ወጥተዋል፤ ሦስቱ ለጌም ቦይ አድቫንስ፣ ሦስቱ ለዲኤስ። ስድስቱም ሲያልቁ ተመሳሳይ ዓይነት ስጦታ ስለሚሰጡ እርስ በርስ ለማነጻጸር ይመቻሉ። ከስድስቱ ግን ረዘም አድርጌ የማወራው በ2005 ስለወጣው «ዶውን ኦፍ ሶሮው» ነው። የታሪኩን ምስጢር ሳልነካ ስለ እሱ መናገር አልችልም፤ ጌሙን ወደፊት ሊጫወት ያሰበ ሰው ይህን አውቆ ያንብብ።

ጌሞቹን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ቦታው በአብዛኛው የድራኩላ ግንብ ነው። ተጫዋቹ እየዘለለና እየተዋጋ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳል፤ ግን ግንቡ በደረጃ በደረጃ የተቆራረጠ አይደለም፣ አንድ ትልቅ ካርታ ነው። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ልትደርስበት ያልቻልከው ሰገነት፣ በኋላ በአየር ላይ ሁለቴ መዝለል ስትችል መንገድ ይሆንልሃል። በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ «ተቆልፏል» እና «ተከፈተ» የሚሉት ነገሮች ከጨዋታው ውጭ የተለጠፉ ማስጌጫዎች አይደሉም፤ ጨዋታው ራሱ ናቸው። ጌሙ ካለቀ በኋላ የሚከፈተው ነገር ደካማ ሲሆን ይበልጥ የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

«ዶውን ኦፍ ሶሮው» በ2003 የወጣው የ«አሪያ ኦፍ ሶሮው» ቀጥተኛ ተከታይ ነው። የመጀመሪያው ታሪክ የሚሆነው በ2035 ነው። ድራኩላ በ1999 በጁሊየስ ቤልሞንት እጅ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ጠፍቷል፤ ሶማ ክሩዝ የሚባል ወጣት ግን የገደላቸውን ጭራቆች ነፍስ ወደ ራሱ የመሳብ ኃይል እንዳለው ይደርስበታል። መጨረሻ ላይ ምክንያቱ ይገለጣል፦ ድራኩላ ዳግም የተወለደው በእሱ አካል ነው። ተከታዩ አንድ ዓመት ቆይቶ ይጀምራል። ሴሊያ የምትባል ሴት የምትመራው ቡድን ዓለም የጨለማ ጌታ ያስፈልጋታል ብሎ ያምናል፤ ሶማ እምቢ ስላለ ዲሚትሪና ዳሪዮ የተባሉ ሁለት ተተኪዎች አዘጋጅቷል።

የነፍስ መሰብሰቡ ሥርዓት በተከታዩም ቀጥሏል። ነፍሶቹ አራት ዓይነት ናቸው፤ የሚወረወሩ፣ አጠገብ ሆነው የሚጠብቁ፣ ዝም ብለው ጉልበት የሚጨምሩ፣ እና እንደ ሁለቴ መዝለል ያለ ቋሚ ችሎታ የሚሰጡ። ተከታዩ የጨመረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቹን ነፍሶች ደጋግሞ መሰብሰብ ኃይላቸውን ያሳድጋል። ሁለተኛ፣ የሶማ አጋር ወደሆነችው ወደ ዮኮ ቤልናዴስ ሄዶ ነፍስን ከመሣሪያ ጋር በማዋሃድ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ይቻላል፤ ነፍሱ ግን በዚያው ይጠፋል። ይህ ሁለተኛው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። አንዳንዱ ብርቱ መሣሪያ የቦስ ነፍስ ይጠይቃል፣ የቦስ ነፍስ ደግሞ በአንድ ዙር አንድ ብቻ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ተጫዋቹ ቆም ብሎ ያስባል፦ ይህን ችሎታ ይዤ ልቀጥል ወይስ ሰይፍ ላድርገው? ጌሙን ጨርሶ እንደገና የሚጀምር ሰው መሣሪያውንና ነፍሶቹን ይዞ ስለሚነሳ፣ በመጀመሪያው ዙር የተወው ምርጫ በሁለተኛው ይመለስለታል። እንደገና መጫወት እዚህ ላይ በቂ ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ጭማሪ ግን ይህን ያህል አልሰመረም። ከአንድ ክፍል ወጥቶ ሲመለሱ የሞተው ጭራቅ ተነስቶ ይጠብቃል፤ ነፍሱን የመስጠቱ ነገር የዕድል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ነፍስ መሙላት የሚፈልግ ሰው ያንኑ አጽም ይመታል፣ በሩን ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይመታል። ዕድሉን ከፍ የሚያደርግ ቀለበት አለ፤ ሥራውን ያሳጥረዋል እንጂ ወደ ጨዋታ አይለውጠውም። ዝርዝሩ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይቀር ብሎ ሰዓታትን የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ በዚህ ሰው ላይ አልፈርድም። የምፈርደው ሠሪው ለዚያ ሰው ድካም ምንም አዲስ ሐሳብ ባለማዘጋጀቱ ነው። ሽልማቱ ጉልበት ይጨምራል፤ ግን ያን ጊዜ ጉልበቱን የሚፈትን ጠላት አልቋል።

ዲኤስ አዲስ ማሽን ስለነበረ ጌሙ ሁለቱን ስክሪኖች መጠቀም ነበረበት። የላይኛው ካርታውን ያሳያል፤ ይህ ቀላል መስሎ የሚታይ ነገር ጌሙን ምን ያህል እንዳቀናው ለመረዳት የቀድሞዎቹን መጫወት ይበቃል፤ ካርታ ለማየት በየጊዜው ጨዋታውን ማቆም ቀረ። በታችኛው ስክሪን ላይ ደግሞ የማኅተም ሥራ አለ። ቦሱ ጉልበቱን ሲጨርስ አይሞትም፤ ብዕሩን አንስተህ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተማርከውን ማኅተም መስመር በመስመር ትሥላለህ። ከተሳሳትክ ቦሱ የተወሰነ ጉልበት ይመለስለትና ትግሉ ይቀጥላል። ሐሳቡ ከታሪኩ ጋር ይሄዳል፤ ግን በትግል መሃል ሁለት እጅ አዝራር ላይ ያለ ሰው በድንገት ብዕር ፍለጋ መሄዱ ምቾት የለውም፣ ብዙዎችም በጥፍራቸው መሣልን መርጠዋል። በጣት በረዶ መስበር የሚያስችለው የባሎር ነፍስ ደግሞ ጥቂት ቦታ ብቻ ካገለገለ በኋላ ይረሳል። ማሽኑ ስላለው ብቻ የገባ ነገር ከጌሙ ጋር እንደማይዋሃድ ሁለቱም ያሳያሉ። በአንጻሩ የዶፔልጋንገር ነፍስ፣ ሁለት ሙሉ የመሣሪያና የነፍስ ስብስብ አዘጋጅቶ በአንድ አዝራር መለዋወጥ የሚያስችለው፣ ከስክሪኑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሆኖም አጨዋወቱን ከማኅተሙ ይልቅ የለወጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የሶማ አጋር የሆነው አሪካዶ ከሶማ ወዳጅ ከሚና የተላከ ክታብ ለሶማ ያቀብለዋል። ክታቡ እንደማንኛውም ጌጥ የሚታጠቅ ዕቃ ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ከእሱ የበለጠ ጉልበት የሚጨምሩ ሌሎች ዕቃዎችም ይገኛሉ። ስለዚህ ብዙ ተጫዋች ያወልቀዋል። ቆይቶ ሴሊያ በሶማ ፊት ሚናን የገደለች ታስመስላለች። ክታቡን ያጠለቀ ሶማ ቁጣው እስከ መጨረሻው ሳይወስደው አሪካዶ ደርሶ የሞተችው ሚና እንዳልሆነች ይነግረዋል፤ ታሪኩ ይቀጥላል። ያወለቀው ሶማ ግን ለቁጣው እጁን ይሰጣል፣ የጨለማ ጌታ ይሆናል፣ ጌሙም እዚያ ያልቃል።

ይህን ከብዙ ጌሞች «መጥፎ መጨረሻ» የሚለየው፣ ጥፋቱ የተፈጸመው በተጫዋቹ የተለመደ ስሌት መሆኑ ነው። ማንም «ክፉ ልሁን» ብሎ አልመረጠም። ቁጥሩ የሚበልጥ ዕቃ አገኘ፣ የወዳጁን ስጦታ አስቀመጠ፣ ውጤቱ መጣ። የዕቃ ምርጫ ገጹ፣ በዚህ ዓይነት ጌሞች ውስጥ ቁጥር ብቻ የሚታይበት ደረቅ ቦታ፣ ታሪኩ የሚወሰንበት ቦታ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር የትልቅ ስክሪን ጌሞችም በቀላሉ አያደርጉትም።

ከዚያ ደግሞ ያ መጥፎ መጨረሻ ለሌላ ጨዋታ መነሻ ይሆናል። «ጁሊየስ ሞድ» የሚባለው የሚጀምረው ሶማ በእርግጥ ወድቋል ከሚለው ሐሳብ ነው። ጁሊየስ ቤልሞንት ሊገድለው ወደ ግንቡ ይገባል፤ ዮኮና አሉካርድ (አሪካዶ በእውነተኛ ስሙ) በየመንገዱ ይቀላቀሉታል፣ ተጫዋቹም ሦስቱን እየቀያየረ ይጫወታል። ጁሊየስ ጅራፍና የቤተሰቡን የጥንት መሣሪያዎች ይዟል። ዮኮ አስማተኛ ናት፤ በበትሯ ስትመታ ጉልበቷ በጥቂቱ ይመለሳል። አሉካርድ ሰይፍ አለው፣ የሌሊት ወፍም ይሆናል። በመጨረሻው ክፍል የሚጠብቃቸው ቦስ ሶማ ነው። ለሰዓታት ስታሳድገው የቆየኸው ልጅ፣ ያንተን የነፍስ ኃይሎች ይዞ በተቃራኒው ወገን ይቆማል።

የተከታታዩን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። በጃፓን በ1989 የወጣው ሦስተኛው ካስልቫኒያ ጅራፍ የያዘ ቤልሞንት፣ ሲፋ ቤልናዴስ የምትባል አስማተኛ እና አሉካርድ ድራኩላን ሲዋጉ የሚቀያየሩበት ጌም ነበር። ዮኮ የዚያች ቤት ልጅ ናት። ሦስቱ ሰዎች በዘር ተተክተው፣ በአሉካርድ በኩል ደግሞ ራሱ ሰውየው ሆኖ፣ ያንኑ ሥራ ይደግማሉ፤ በድራኩላ ቦታ የቆመው ግን ወዳጃቸው ነው። በ«አሪያ» ውስጥም ጁሊየስ ሞድ ነበረ፤ እዚያ ግን ጁሊየስ ብቻውን ነው፣ ጨዋታውም ከታሪኩ ጋር የሚያያዘው በቀጭን ክር ነው። ተከታዩ የቀድሞውን ስም ይዞ ይዘቱን ሞላው። ተከታይ ጌም ያለፈውን ማሻሻል አለበት ሲባል እንዲህ ያለውን ማለት ነው።

ጌሙ ካለቀ በኋላ በሌላ ገጸ ባሕርይ የማስጫወቱ ልማድ የመጣው በ1997 ለፕሌይስቴሽን ከወጣው ካስልቫኒያ፣ ከ«ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ናይት» ነው፤ ያን ጌም ጨርሶ ስሙን «ሪክተር» ብሎ የሚጽፍ ሰው በሪክተር ቤልሞንት ይጫወታል። በ2001 ከጌም ቦይ አድቫንስ ጋር አብሮ የወጣው «ሰርክል ኦፍ ዘ ሙን» ይህን ወስዶ አበዛው። ጌሙን ስትጨርስ አንድ ስም ይነገርሃል፤ በዚያ ስም አዲስ ስትጀምር ያው ሰው አስማተኛ ይሆናል፣ እንደገና ስትጨርስ ሌላ ስም፣ ተዋጊ፣ ከዚያ ሌላ፣ ሌላ። ገጸ ባሕርዩ አይቀየርም፣ ታሪኩም አይቀየርም፤ የሚቀየረው የጉልበቱ አደላደል ነው። ተዋጊ ሆኖ የሚጀምር ሰው የጌሙን ዋና ጌጥ፣ የካርድ አስማቱን፣ ጨርሶ ያጣል። ለጠንካራ ተጫዋች ጥሩ ፈተና ነው፤ ለሌላው ግን ያንኑ መንገድ ደጋግሞ መሄድ ነው።

በ2002 የወጣው «ሃርመኒ ኦፍ ዲሶናንስ» ሁለት የተራራቁ ስጦታዎች አሉት። አንደኛው ማክሲም ነው፤ በዋናው ታሪክ ውስጥ ክፉ መንፈስ ያደረበት የጀግናው ጓደኛ። በእሱ መጫወት ሲቻል ፍጥነቱና አዘላለሉ ግንቡን ሌላ ቦታ ያስመስለዋል። ሁለተኛው የቤት ዕቃ ነው፤ ጀግናው ከየጥጉ ወንበርና ጌጥ እየለቀመ አንድ ባዶ ክፍል ያስውባል። ብዙ ሰው በዚህ ሲስቅ ሰምቻለሁ። እኔ እወደዋለሁ። ጥቅም የለውም፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር ሊገድልህ በሚፈልግበት ግንብ ውስጥ አንድ ክፍል ያንተ ይሆናል።

ከ«ዶውን» በኋላ የመጡት ሁለቱ ትምህርቱን በየራሳቸው መንገድ ወስደዋል። «ፖርትሬት ኦፍ ሩዊን» (2006) ስቴላና ሎሬታ የሚባሉ እህትማማቾችን ያስጫውታል። በዋናው ታሪክ ጠላት ሆነው ነው የምናውቃቸው፤ እዚህ ግን ገና ሳይለወጡ፣ ወደ ግንቡ ሲገቡ እናገኛቸዋለን፤ መጨረሻቸውን እያወቅን ወደዚያው እንወስዳቸዋለን። ትግሉ በብዕር በታችኛው ስክሪን ላይ ስለሚካሄድ የንኪው ስክሪን በዚህ በተደበቀው ክፍል ውስጥ ነው በእርግጥ ሥራ ያገኘው። «ኦርደር ኦፍ ኤክሌሲያ» (2008) ደግሞ የመጨረሻውን ዓይነት የሚወስነው በሰዎች ነው፤ የተጠለፉትን የመንደር ሰዎች በሙሉ ያላስለቀቀ ተጫዋች ታሪኩ ከመንገድ ይቀርበታል። ክታቡን ያስታውሳል፤ ብቻ እዚህ ማጣሪያው ፍለጋ ነው፣ እዚያ ግን ልብ ማለት ነበር።

የሰዓት ውድድሩን፣ ቦስ ረሽ የሚባለውን፣ በአጭሩ ልለፈው፤ በአብዛኞቹ አለ፣ እጁ የፈጠነ ሰው ይወደዋል፣ በ«ዶውን» ለፈጣኖች መሣሪያ ይሸልማል። ከዚያ ይልቅ የሚያስቆጨው በጋራ የሚጫወቱት ክፍል ነው። «ዶውን» ሁለት ዲኤስ ተቀራርበው ነፍስ እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል፤ ጭራቆችን በየክፍሉ አስቀምጦ የራስን ወጥመድ መሥራትና ጓደኛን ማስገባትም ይቻላል። ሐሳቡ ብሩህ ነው፤ ግን ያንኑ ጌም ከያዘ ጓደኛ አጠገብ መቀመጥን ይጠይቃል። የ«ፖርትሬት» የኢንተርኔት ክፍል ዕድሜው ከዚህም አጠረ፤ ኔንቴንዶ የዲኤስን የኢንተርኔት አገልግሎት በ2014 ሲዘጋ አብሮ ቆመ። ብቻውን የሚጫወት ሰው እንደ ጁሊየስ ሞድ ያለውን ዛሬም ያገኘዋል።

ከካስልቫኒያ ውጭ ሌሎች የሄዱበትን ስናይ ልዩነቱ ይሰፋል። «ሜጋ ማን ዚሮ 2» (2003) የቦሶችን ልዩ ችሎታ የሚሰጠው ውጤቱ ኤ ወይም ኤስ ለሆነ ተጫዋች ብቻ ነው። ስለዚህ ችሎታውን አብዝቶ የሚያገኘው ብዙም የማያስፈልገው ሰው ነው፤ የደከመው ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። ይህን ስህተት እለዋለሁ። «ሜትሮይድ ፊውዥን» (2002) በፍጥነትና በተሰበሰበ ዕቃ መጠን የመጨረሻውን ሥዕል ይለውጣል፤ የተወሰነውን ስጦታ ለማየት ግን ሌላ ማሽን፣ ሌላ ጌምና ማገናኛ ኬብል መግዛት ያስፈልጋል። በ2004 የወጣው «ሜትሮይድ ዚሮ ሚሽን» የተሻለ ነገር አደረገ፤ ታድሶ የተሠራውን ጌም ለጨረሰ ሰው የ1986ቱን የመጀመሪያውን «ሜትሮይድ» በሙሉ ሰጠው፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን እያየ እንዲፈርድ።

ስለ ነፍስ መሰብሰብ ያልኩትን የሚያርም ምሳሌም አለ። «ዋሪዮ ላንድ 3» (2000) መቶ ሀብት አለው፤ በሃያ አምስት ቦታዎች፣ በየቦታው አራት። ሲቆጠር ደረቅ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቦታ የተገኘ ሀብት ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ መንገድ ይከፍታል ወይም ለዋሪዮ አዲስ ችሎታ ይሰጣል፤ ያለፉበት ሜዳ ሲመለሱበት ተለውጦ ይገኛል። የመሰብሰብ ችግሩ መቁጠሩ ላይ አይደለም፤ የተቆጠረው ነገር ዓለሙን ሳይነካ ሲቀር ነው።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። በ2010 «ሃርመኒ ኦፍ ዲስፔር» በኤክስቦክስ 360 ሲወጣ ጁሊየስና ዮኮ ለብቻቸው በገንዘብ የሚገዙ ተጨማሪዎች ሆኑ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ «ዶውን»ን ለጨረሰ ሰው ካሴቱ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሠሪ ለሥራው መከፈሉን አልቃወምም፤ ግን በገንዘብ የተገዛ ጁሊየስ ከክታቡ ምርጫ ጋር ምንም ክር የለውም። የሚገኝበት መንገድ ተቆርጦ ሰውየው ብቻ ተሸጠ።

ዛሬ እነዚህን ጌሞች ለመጫወት የድሮ ማሽን ማሳደድ ግድ አይደለም። ሦስቱ የጌም ቦይ አድቫንስ ጌሞች በ2021 «ካስልቫኒያ አድቫንስ ኮሌክሽን»፣ ሦስቱ የዲኤስ ደግሞ በ2024 «ካስልቫኒያ ዶሚነስ ኮሌክሽን» ተብለው ለስዊች፣ ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ወጥተዋል። በሁለተኛው ስብስብ ማኅተሙን በአዝራር መፈጸም ስለሚቻል የ«ዶውን» ትልቁ እሾህ ተነቅሏል። ያገለገለ ካሴት የሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ የቀድሞው ባለቤት ሴቭ ያደረገው ብዙ ጊዜ እዚያው ስለሚገኝ፣ ጁሊየስ ሞድ ገና ሳይጀምሩ ተከፍቶ ሊጠብቅ ይችላል። ያን ፋይል ሳይነኩ ወደ ጎን ትቶ በአዲስ መጀመር ይሻላል።

ቅደም ተከተሉንም ልናገር። መጀመሪያ «አሪያ»ን ጨርሱ፤ ሶማ ማን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ክታቡ ለምን እንደተሰጠው አይገባውም። ከዚያ «ዶውን»ን ጀምሩ፣ ሴሊያ ሚናን የገደለች ወደምታስመስልበት ቦታ ከመግባታችሁ በፊት በሁለት ቦታ ሴቭ አድርጉ። በአንደኛው ክታቡን አውልቃችሁ ግቡና የሚሆነውን እዩ፤ በሌላኛው አጥልቃችሁ እስከ እውነተኛው መጨረሻ ሂዱ። ጁሊየስን ከሁለቱም በኋላ አድርጉት።